ወጌሻው ሲገባ የሚጠፋው ስክሪን

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ደህና ቀን። ጠዋት የጥርስ ሐኪሙ ጸሐፊ ስክሪን ታቅፋ መጣች። "ሞቷል" አለችኝ። ማን ገነዘው? አልኳት። የእጅ ባትሪ አውጥቼ ከጎን አበራሁበት። ሥዕሉ እንደ ጥላ ደብዘዝ ብሎ ከውስጥ ይታያል። የሞተው ከኋላ የሚያበራው መብራት ብቻ ነው።

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ጨለማ ውስጥ ሆኖ ይሠራ ነበር?"

"እንደ አለቃሽ።"

አፏን ይዛ ሳቀች።

ከምሳ በፊት ትንሽ ተንኮል። የእህቴ ልጅ፣ ቀለሟ፣ እጇን ልትታጠብ ስትወጣ ክፍሏ ገብቼ ስክሪኗን ቁልቁል ዘቀዘቅኩት። ለሕፃናት መጽሐፍ ጥንቸል እየሳለች ነበር። ጥንቸሏ በጆሮዋ ቆመች። የእኔን ሱቅና የእሷን ክፍል የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው፤ ጩኸቷ ምንም ሳይቀንስ ደረሰኝ።

"ጋሼ! አስተካክለው! ያንንም ጭምር!"

"የቱን ደግሞ?"

"ድንገት የሚያጠፋውን። ጥቁር ይላል፣ ወዲያው ተመልሶ ይበራል። ከቅዳሜ ጀምሮ እኮ ነው። ቀልድህን ለሌላ ሰው፣ እኔ ሥራ ላይ ነኝ።"

ያኛው የእኔ አይደለም አልኳት። አላመነችም። ማልኩላት። እህቴ ከኩሽና ሆና፣ "እሱን ሲምል ነው የምጠረጥረው!"

ዕድሜ ልኬን በተንኮል ያካበትኩት ስም... አንድ ቀን እውነት ብናገር ማን ይቀበለኛል?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ስሜን ለማጽዳት ስክሪኗን መመርመር ጀመርኩ።

የእኔ ትምህርት ቤት አንድ ነው፦ ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር። ማንም አላስተማረኝም። መጀመሪያ ሬዲዮ፣ ከዚያ ቴሌቪዥን፣ ከዚያ ኮምፒውተር እያበላሸሁ ነው የተማርኩት። ጥርጣሬ ግን ሥርዓት አለው። ሁሉንም ባንዴ ከጠረጠርክ ማንንም አትይዝም። ተራ በተራ ነው።

መጀመሪያ ስክሪኑ። የእሷን ወደ ሱቅ ወሰድኩ፣ የሱቁን እሷ ጋ ተከልኩ። ቀጥሎ ኬብሉ። ነቅዬ አየሁት፤ እግሮቹ አልተጣመሙም። ለማንኛውም ከዚያው ከድሮው ጥቅል ሌላ አውጥቼ ቀየርኩላት።

ከዚያ ወንበሯ ላይ ተቀምጬ ጠዋቱን ሙሉ አፈጠጥኩበት። ወንበሩ አዲስ ነው፤ እሷን ብሎ የሚመላለሰው ወጌሻ ያመጣላት። ዘንጉን ሲጫኑት "እፍፍ..." ብሎ ይወርዳል። እንደ ሚኒስትር ተንፈላሰስኩበት። ስክሪኑ ንቅንቅ አላለም። አንዴም አልጠፋ። ጠረጴዛውን ተደግፌ፣ ጉልበቴን ይዤ፣ እንደ አሮጌ ግመል ቀስ በቀስ ተነሳሁ። አሁንም ምንም።

"አንተን ፈርቶ ነው" አለች ቀለሟ።

እየተሳለቀች ነው። አሁንም እኔ ነኝ ብላ ነው የምታስበው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ጠፋ! በዓይኔ አየሁት። ማለት... ሲጠፋ ሳይሆን ጠፍቶ አየሁት።

ወጌሻው ከሰዓት መጣ። ሰውየው ሆስፒታል ውስጥ ወገብና ጉልበት የሚያስተካክል ባለሙያ ነው። የሙያው ስም ረጅም ስለሆነ እኔ "ወጌሻ" ብዬ አሳጠርኩለት። ቀለሟን ሊያገባ ይፈልጋል። አባቷ የለ፤ ቤተሰቦቹ የወሩ መጨረሻ እሑድ ሲመጡ "እሺ" ወይም "እንቢ" የምለው እኔ ነኝ። እህቴ ቀድማ እሺ ብላለች፤ ወገቧን አሽቶላታል። እኔ በወገብ አልገዛም።

ክፍሏ በር ላይ ሲደርስ እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ካቻቢቴዬን እየወለወልኩ ነበር። ገና ሲገባ ዓይኔን ተከልኩበት። ጫማው የተወለወለ። ፈገግታው የተወለወለ። ጥቁር ቦርሳ ይዟል።

"አትነሺ፣ አትነሺ!" ይላታል። ደግሞ ጨዋነቱ! ለእኔ ጎንበስ ብሎ፣ "እንዴት ዋሉ ጋሼ?"

"ደህና። ቦርሳው ምንድን ነው?"

መልሱን ሳይጀምር ቀለሟ፣ "ይኸው! ይኸው ጠፋ!" አለች። ዞር ስል ስክሪኑ ጥቁር። ዓይን እስኪጨፈን ቆይቶ በራ። ቅድም ያልነበረ፣ እሱ ሲገባ!

"ጋሼ፣ እውነትም አንተ አይደለህም" አለችኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ... ዓይኔ ቦርሳው ላይ ነው።

"ጡንቻ ማነቃቂያ መሣሪያ ናት" አለ ሰውየው። "ትንሽ ኤሌክትሪክ ትሰጣለች።"

ኤሌክትሪክ!

ቅዳሜ መቼ ነበር የጠፋው? ብዬ ስጠይቃት፣ "እሱ ሲመጣ መሰለኝ" አለች። ማክሰኞስ? አልመጣም። አልጠፋም።

መሰለኝ አትበዪ። እኔ አልመሰለኝም፤ ገብቶኛል።

እሑድ፣ ኅዳር 15

ለምሳ ተጠርቶ መጣ። በሩ ላይ ጠብቄው፣ "ልጄ፣ ሰፈሩ ሌባ በዝቶበታል፤ ቦርሳህን ሱቄ ውስጥ ልቆልፍልህ" አልኩት። ከግቢው በር እስከ ቤቱ ድረስ ምን ዓይነት ሌባ እንዳለ አልጠየቀም። አመስግኖ ሰጠኝ። ሞኝ ነው ወይስ ሞኝ መስሎ?

ባዶ እጁን ገባ። ስክሪኑ ጠፋ።

እንግዲህ ቦርሳው ንጹሕ ነው። ባለቤቱስ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

ለፍትሕ ስል ቪዲዮ ካርዱንም ጠረጠርኩ። ኮምፒውተሩን ከፈትኩት። አቧራው! ማራገቢያው ላይ ጸጉር፣ ክር፣ የእርሳስ ፍቅፋቂ... ጠራረግኩ። ካርዱን ነቅዬ የመዳቡን ጥርሶች በላጲስ አሸሁ፣ መልሼ ሰካሁ።

ቀለሟ ጎኔ ተንበርክካ፣ "ካርዱ ቢሆን እንዴት ታውቃለህ?"

"ካርድ ሲታመም ይለፈልፋል። ቀለም ያቀያይራል፣ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ሥዕሉን ይቀዳድዳል። ወይ ሲሞቅ ያጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይመልሳል። ያንቺ ጠፍቶ ሲመለስ ንጹሕ ነው። የሆነ ነገር አስደንግጦት ዓይኑን የጨፈነ ነው የሚመስለው።"

"ምን ያስደነግጠዋል?"

"ማን በይ እንጂ።"

መልሱን አልወደደችውም።

ለማንኛውም ካርዱን አውጥቼ ስክሪኑን ማዘርቦርዱ ላይ ካለው መውጫ ጋ አገናኘሁት። አሁን መንገዱ ሌላ ነው። ከጠፋ ካርዱ ነጻ ይወጣል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

መጣ። ጠፋ። ካርዱ ነጻ ወጣ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19

ቃሬዛ ጋ ሄድኩ። አሮጌ ዕቃ ሻጭ ነው፤ የሰፈሩ የሞተ ኮምፒውተር ሁሉ በእሱ ትከሻ ስለሚያልፍ ነው ስሙ። የኬብል ክምር ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። ነገርኩት።

"ስክሪን?" አለ ጋዜጣውን ሳያጥፍ።

"ቀየርኩ።"

"ኬብል?"

"ቀየርኩ።"

"ካርድ?"

"አውጥቼ አየሁ። የግድግዳውንም ሶኬት ቀየርኩ። ድራይቨሩንም አጥፍቼ እንደ አዲስ ጫንኩ።"

"ሁሉን ቀይረህ ካልዳነ፣ ያልቀየርከውን እይ።"

"ያልቀየርኩት ወጌሻውን ብቻ ነው።"

ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ አየኝ። "ያ አማች እንጂ ዕቃ አይደለም፣ አንተ ሰውዬ።"

ሳቀብኝ። ይሳቅ። ሰውስ ቢሆን ይቀየር የለ?

ዓርብ፣ ኅዳር 20

የሰው ስክሪን በሩቅ ሆኖ የሚያይ ፕሮግራም አለ ይባላል። ኮምፒውተሯን ከጫፍ እስከ ጫፍ በረበርኩ። ምንም የለም። ምንም አለመኖሩ ደግሞ የባሰ አሳሰበኝ። አሻራ የማይተው ሌባ አይደል የሚፈራው?

ለቀለሟ ነገርኳት። እየቀለድኩ ሳይሆን ቁጭ ብዬ። "ሲመጣ ይጠፋል፤ ሳይመጣ አይጠፋም። ምን ትፈልጊያለሽ ሌላ ማስረጃ? ኮምፒውተርሽ ላይ የሆነ ነገር አድርጓል። ጠይቂው።"

"እሱ እኮ ስልኩን እንኳ በደንብ አይጠቀምም፣ ጋሼ።"

"እንደዚያ የሚሉት ናቸው የሚያስፈሩት።"

ብሩሽ የሚመስለውን እስክሪብቶ እያገላበጠች ቆየች። ቀልደኛ አጎት ቁም ነገር ሲያወራ ይታመናል ለካ። ያኔ ስምልላት እንዲህ ብታምነኝ ምን ነበረበት...

እሑድ፣ ኅዳር 22

ጠየቀችው። ሁላችንም ባለንበት።

"እኔ? ያንቺን ኮምፒውተር?" መጀመሪያ የቀለድን መስሎት ወደ እኔ አየና ፈገግ አለ። እኔ አልሳቅኩም። የውኃውን ብርጭቆ ቀስ ብሎ አስቀመጠ። "ጋሼ፣ እኔ የማውቀው ወገብ ነው" አለ። "አንቺም ጠርጥረሽ ነው የምትጠይቂኝ?"

ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። ያ መልስ ሆነበት። ተነስቶ እህቴን ተሰናብቶ ወጣ።

ቦርሳውን ረስቶ ነበር። ተከትዬ ሰጠሁት። "አመሰግናለሁ ጋሼ" አለኝ። ሲናደድ እንኳ ጨዋ ነው። ጤነኛ ሰው እንዲህ ይሆናል?

ሰኞ፣ ኅዳር 23

አልመጣም። አልጠፋም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

አልመጣም። አልጠፋም። አላልኩም?

ረቡዕ፣ ኅዳር 25

ስክሪኑ እንደ ጸሐይ ቦግ እንዳለ ነው። እኔ ትክክል ነበርኩ። ታዲያ ለምን ማንም አያወራኝም?

ቀለሟ "ቤተሰቦችህ እሑድ አይምጡ" ብላ ልካበታለች። እህቴ ናት የነገረችኝ፤ ሳህን እያጠበች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ። "ስክሪኑ ዳነ፣ ልጄ ታመመች። ደስ ይበልህ።"

ሄጄ አየኋት። ትሠራለች። ወንበሩ ላይ እንደ ጆንያ ተቀምጣለች። ጥንቸሏን አየሁ... ጆሮዎቿ ተንጠልጥለዋል። "እንዲህ ነበር የታዘዝሽው?" አልኳት። "እንዲህ ሆኖ መጣ" አለችኝ።

ሊያስቃት የሚችል ነገር ፈልጌ አጣሁ። እኔ!

ሐሙስ፣ ኅዳር 26

እግዚኦ። እስቲ በሥርዓት ልጻፈው።

ጠዋት የገዛ ካርዷን ልመልስላት ክፍሏ ገባሁ። ሰክቼ፣ ኬብሉን አገናኝቼ፣ በራ። እሷ ሥራዋ ላይ አቀረቀረች። እኔ ክዳኑን ልገጥም ጠረጴዛው አጠገብ ተንበርክኬያለሁ፤ ስክሪኑ ፊቴ ላይ ነው። የግቢው በር ተንኳኳ።

ቀለሟ ዘላ ተነሳች። እንደ ተተኮሰች ነው የምለው። ወንበሩ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ግድግዳውን መታ። ስክሪኑ ጠፋ።

"ቆጣሪ!" አለ የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ከውጭ።

በራ። ቀለሟ ተመልሳ ቁጭ አለች። ቀስ ብላ።

እኔ ካቻቢቴዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ወጌሻ የለም። ቦርሳ የለም። ቆጣሪ አንባቢው ግቢው በር ላይ ነው፣ ጉዳዩም ከቆጣሪው ጋር ነው። ታዲያ እዚህ ክፍል ውስጥ ምን ተነቃነቀ? እሷ ብቻ።

"ድገሚው" አልኳት።

"ምኑን?"

"ዘለሽ መነሳቱን።"

"ጋሼ፣ እባክህ፣ ዛሬ ቀልድ አልችልም።"

"ቀልድ አይደለም!" ማን ይመነኝ? አስነስቼ ራሴ ተቀመጥኩ። ጉልበቴን ለፈጣሪ አደራ ሰጥቼ ብድግ አልኩ። ጉልበቴ ቀጭ አለ። ስክሪኑ ጠፋ። ደገምኩት። ጠፋ። የድሮውን የእንጨት ወንበር ከሱቅ አምጥቼ እንደ እንቁራሪት ዘለልኩበት። ምንም የለም። ወደ አዲሱ ተመልሼ ዘለልኩ። ጠፋ! እህቴ በር ላይ ብቅ ብላ፣ "አበደ" ብላ ተመለሰች።

ወደ ቃሬዛ በረርኩ። "ኧረ ሰምቼ አውቃለሁ" አለ ጋዜጣውን አጥፎ። አየር የሚሞላው የወንበሩ የብረት እግር ነው ጉዱ። ሰው ድንገት ሲነሳለት፣ ሹራብ አውልቀህ ጸጉርህ ሲንጣጣ እንደምትሰማው ያለች ትንሽ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ይረጫል። ኬብሉ ቀጭን ከሆነ፣ ሽፋኑ ስስ ከሆነ፣ እንደ አንቴና ይቀበላታል። ስክሪኑ ለቅጽበት መልእክቱ ይቋረጥበታል። ሌላው ኬብልም ከዚያው ጥቅል የወጣ መንትያ ነው፤ መቀየሬ ምን ሊፈይድ። ወፍራም፣ ጫፉ ላይ ጉብ ያለ ኬብል ሰጠኝ።

ያልቀየርኩትን እይ ብሎኝ ነበር እኮ... ያልቀየርኩት ላይ ተቀምጬ!

መንገድ ላይ ግን ሌላው ነገር ቀስ ብሎ መጣብኝ። እህቴ ስትገባ ቀለሟ ዞር ትላለች። እኔ ስገባማ ዓይኗንም አታነሳ፤ አንድ ቀን "ኖር" ብላኝ አታውቅም። ለምሳ ስትወጣ እየተጎተተች ነው። ስክሪኑ እሱ ሲመጣ ብቻ የሚጠፋው፣ ዘላ የምትነሳው ለእሱ ብቻ ስለሆነ ነው።

"አትነሺ፣ አትነሺ" ሲላት ሰምቻለሁ። በጆሮዬ። ዓይኔ ግን እሱ ላይ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ወደ እሷ ዞሬ ባይ ኖሮ...

ኬብሉን ኪሴ እንደከተትኩት ነው። ከእሱ በፊት የሚጠገን አለ።

ዓርብ፣ ኅዳር 27

ሆስፒታል። እንደ በሽተኛ ተራ ይዤ ገባሁ። ሲያየኝ ቀና አለ።

"ጋሼ... ምንዎን ነው ያመመዎት?"

"ምላሴን።"

"ምላስ አላክምም።"

"ወገቤም አለበት።"

አልጋው ላይ በሆዴ አስተኛኝ። ለፊት የሚሆን ቀዳዳ አለው፤ ከወለል ጋር ነው የምታወራው። ለእንዲህ ያለ ወሬ የተመቸ ነው።

"ወንበሩ ነው" አልኩት ለወለሉ።

"የቱ ወንበር?"

"ያንተው። ድንገት ሲነሱለት ብልጭታ ይረጫል፣ ስክሪኑን ያጠፋዋል። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳትኩም፤ ዕቃውን ያመጣኸው አንተ ነህ።"

ጀርባዬን ይጫናል።

"ታዲያ ለምን እኔ ስመጣ ብቻ?"

"ለሌላ ሰው ዘላ አትነሳማ።"

እጁ ወገቤ ላይ ቆመ። ቆየ። ወለሉ ላይ ጫማውን ብቻ ነው የማየው፤ ጫማው አልተንቀሳቀሰም።

"እውነት ነው ጋሼ? ከተንኮልዎ አንዱ እንዳይሆን።"

"ና እና እይ። ይቅርታ ደግሞ... ይቅርታዬን ተቀበለኝ፣ ልጄ።"

"ተቀብያለሁ" አለና አንድ ቦታ ተጫነኝ። አጥንቴ ጧ! አለ። ጮህኩ። "ይቺ ስለ ቦርሳዬ ናት" አለ።

ወድጄዋለሁ። ከዚያች ጧ ጀምሮ።

አብረን ተመለስን። በሩን እሱ ከፈተ። ቀለሟ... ወንበሩ ግድግዳውን እንደገና መታው። ስክሪኑ ጠፋ። ሦስታችንም እስኪበራ ጠበቅን።

እሑድ፣ ኅዳር 29

ቤተሰቦቹ መጡ። አባቱ ከእኔ የባሰ ቀልደኛ ነው። ወገብ እንጂ ጨዋታ ለልጁ አላወረሰም። ቃሌን ጠየቁኝ።

"ስክሪኑን ቀየርኩ፣ ኬብሉን ቀየርኩ፣ ካርዱንም አወጣሁ" አልኳቸው። "እሱን መቀየር ግን አላስፈለገም።"

እንግዶቹ አልገባቸውም። የገባቸው ሁለቱ ናቸው። በቂ ነው።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5

ወፍራሙ ኬብል አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ልቀይርላት ብሄድ ቀለሟ እጄን ያዘች። "ተወው ጋሼ። ይሁን እንዲያው።"

ወጌሻው ደግሞ ባሰበት። በር ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው ስክሪኑን ነው። ሲጠፋ ያይና እንደ ሹመት ደብዳቤ እያነበበ ይገባል። ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው።

ዛሬም መጣ። እኔ በሩ አጠገብ ነበርኩ፤ ዓይኔ ግን እሷ ላይ። ቀለሟ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ተደገፈች። ጉልበቷን አሸች። "እህህ" ብላ፣ እንደ አሮጌ ግመል፣ ቀስ በቀስ ተነሳች።

ስክሪኑ እንደበራ ቀረ። ጥንቸሏ ሁለት ጆሮዋን አቁማ ታየዋለች።

ሰውየው ስክሪኑን አየ። እሷን አየ። እንደገና ስክሪኑን። ፊቱ አመድ መሰለ። ወደ እኔ ዞረ።

"ጋሼ... ኬብሉን ቀየሩት እንዴ?"

"እኔ? አልነካሁትም።"

"ይማሉ?"

ማልኩለት። እህቴ ከኩሽና ሆና፣ "እሱን ሲምል ነው የምጠረጥረው!"

ቀለሟ ከንፈሯን ነክሳ ግድግዳ ታያለች። ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። የእኔ ልጅ!

ይጠርጥር ትንሽ። ተራው ነው።